«ይቻላቸዋል» የምትባል ግስ

ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እዚህ ሰቆጣ ማታ ማታ ለጎልማሶች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ጥበቃ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛም አለች። ሰሞኑን የደረስነው «ሞዳል ቨርብ» የሚባሉት ላይ ነው፤ ካን፣ ሜይ፣ ሹድ፣ መስት። ትንንሽ ቃላት ናቸው፤ ግን ነገሩ ይቻላል ወይስ ግድ ነው የሚለውን የሚቆርጡት እነሱ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። የድሮ የሥራ ውሉ ነው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። «መምህር፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አለኝ። አየሁት። «ሜይ» ትላለች። ቀጣሪው ውሉን ሊያራዝመው ይችላል ማለት ነው። እሱ በፈረመ ዕለት የተነገረው ግን «ይራዘማል» የሚል ነበር። በዚያ ተማምኖ ቆርቆሮ በዱቤ ገዝቶ ቤት ጀመረ። ውሉ አልተራዘመም፣ ዕዳው ግን እስካሁን አለ።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት «ይሄማ ውጫሌ ነው!» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ጠመኔውን አስቀምጬ የዕለቱን ትምህርት ተውኩት። እውነታቸውን ነዋ!

ከሰቆጣ በወልዲያ አድርጎ ደሴ የሄደ ሰው መርሳን አልፎ ውጫሌን ያገኛል። ውሉ የተፈረመው እዚያው አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። በኢጣሊያ በኩል ኮንት አንቶኔሊ ነበር። ውሉ 20 አንቀጽ አለው፤ ሁላችንም የምናስታውሰው ግን 17ኛውን ብቻ ነው። የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በቃ። ቢፈልጉ ይልካሉ፣ ባይፈልጉ ይተዋሉ።

የጣልያንኛው ላይ እኛ መምህራንም አንዳንዴ እንቸኩላለን። «ጣልያንኛው ግዴታ አለባቸው ይላል» ብለን እናልፋለን። ግሱ ግን «ኮንሴንቴ» ነው፤ በጥሬው «ይስማማሉ» ወይም «ይፈቅዳሉ» ማለት ነው። «አለባቸው» የሚል ቃል የለውም። ተንኮሉ ያለው እዚያ ላይ ነው፦ ውል ውስጥ «ተስማምቻለሁ» ያለ ሰው ታስሯል ብለው ተረጎሙት። የጣሊያኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. አንቀጹን ይዞ ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቀ፤ ኢትዮጵያ በኢጣሊያ ጥበቃ ሥር ናት የሚል ትርጉም ተሰጠው። ይባስ ብሎ 19ኛው አንቀጽ ሁለቱም ጽሑፎች እኩል ናቸው ይላል። ስለዚህ በአማርኛው ይፈረድ ማለት አይቻልም ነበር።

ምኒልክ ነገሩን ያወቁት በደብዳቤ መልስ ነው። ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ቢጽፉ፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ የመጣው መልስ ወደፊት መላላኩ በኢጣሊያ በኩል ይሆናል የሚል ሆኖ ተገኘ። ያው ተማሪዬ ውሉ ያለቀ ዕለት እንደነቃው መሆኑ ነው። በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ የተቃውሞ ደብዳቤ ላኩ።

አንቶኔሊ ሊያስታርቅ ተመልሶ መጣ። እቴጌ ጣይቱ ነገሩን አጥብቀው ይዘውት ነበር። በዚያው ዓመት አዲስ ወረቀት ተዘጋጀና አንቶኔሊ አንቀጹ ባለበት ጸና ብሎ ፈረመ። አማርኛው ሲነበብለት ለካ አንቀጽ 17 ተሰርዟል ይላል! ፊርማውን ቀደደው። (እዚህ ላይ ክፍሉ በጭብጨባ ሊፈርስ ነበር።) በየካቲት 1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን አፈረሱት። ከዚያ በኋላ ያለውን ልጅም ያውቀዋል። የእኛዎቹ ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ጦር ይዘው ዓድዋ ዘመቱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሆነ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል የውጫሌው ውል ተሻረ፣ የኢትዮጵያም ነፃነት ያለ ምንም «ግን» ታወቀ።

ያችን አንዲት ግስ ሰሌዳ ላይ ጻፍኳት፦ ይቻላቸዋል። ከሥሯ ደግሞ «ይገባቸዋል» አልኩ። ልዩነቱ ሁለት ፊደል ነው። ቀጥዬ «አለባቸው» ጻፍኩ። ይሄ ቃል ሸክም ነው፤ ነገሩ «በላያቸው አለ» እንደማለት ነው። የውጫሌው አማርኛ ከእነዚህ አንዱን እንኳ አልያዘም፤ በእኛ ቋንቋ አንቀጹ ጥርት ያለ ነበር።

ታዲያ አማርኛ ሁልጊዜ ጥርት ያለ ነው ብዬ እንዳልኮራ የጤና ጣቢያዋ ሠራተኛ አቆመችኝ። «መድኃኒቱን ከምግብ ጋር መውሰድ የለብህም» ብንል ምን ማለት ነው? አለች። ክልክል ነው? ወይስ ግድ አይደለም? ሁለቱንም ይሆናል። እንግሊዝኛው ለየብቻ ነው የሚለው፤ «መስት ኖት» ክልክል ነው፣ «ዶንት ሃቭ ቱ» ግድ አይደለም ነው። እኛ በአንድ «የለብህም» ሁለቱን እንሸከማለን። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ወድቄበታለሁ።

«እና ለታማሚው እንዴት ልበለው?» አለች። አንዱ «እንዳትወስድ በይው» አላት፤ ሌላው «ባትወስድም ችግር የለውም» አለ። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፍናቸው። ባለ ውሉ ሰውዬም ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ከ«ሜይ» አጠገብ በእርሳስ «ይችላል» ብሎ ጻፈባት።