አበባ ወርዋሪው

«አበባ ወርዋሪው» ማንነቱን ደብቆ የሚሠራው እንግሊዛዊ የመንገድ ሠዓሊ ባንክሲ የሣለው የፀረ ጦርነት ስቴንስል ሥዕል ነው። ሠዓሊው ራሱ የሰጠው ርዕስ «ፍቅር በአየር ላይ» የሚል ነው። ግድግዳ ላይ በትልቁ የተሣለው እ.ኤ.አ. በ2003፣ በዌስት ባንክ፣ ከቤተ ልሔም ጎን በምትገኘው ቤይት ሳሁር ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በሥዕሉ ላይ ያለው ወጣት ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ ደፍቷል፤ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኗል። አንድ እጁን ወደ ዒላማው ዘርግቶ ሌላውን ወደ ኋላ ስቧል። አቋሙ ድንጋይ ወይም በቤንዚን የተሞላ ጠርሙስ ሊወረውር የተነሣ ሰው አቋም ነው። እጁ የጨበጠው ግን እቅፍ አበባ ነው። ሰውየው በጥቁርና ነጭ ሲቀር ቀለም ያገኘው አበባው ብቻ ነው። ሥዕሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚህ ይመስለኛል፤ ሠዓሊው ቁጣውን ከወጣቱ አልወሰደበትም፤ የለወጠው በእጁ ያለውን ነገር ብቻ ነው። ተመልካቹ መጀመሪያ የሚያየው ረብሻ ነው፤ አበባውን የሚያገኘው ዘግይቶ ነው።

ስቴንስል ማለት ቅርጹ ተቆርጦ የወጣለት ካርቶን ወይም ላስቲክ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቀለም ሲረጭበት የሚወጣው ምስል ነው። አዳማ ላይ የባጃጅ የጎን ቁጥር የሚጻፍበትን ዘዴ ያየ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል። ዋናው ድካም ቤት ውስጥ፣ በመቁረጡ ላይ ያልቃል፤ ግድግዳው ጋ የሚቀረው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ፖሊስ ሳይደርስ ጨርሶ መሄድ ለሚፈልግ ሠዓሊ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዘዴውን በፓሪስ ግድግዳዎች ላይ ከ1981 ጀምሮ ያስለመደው ብሌክ ለ ራ የተባለው ፈረንሳዊ ሲሆን፣ የብሪስቶሉ ባንክሲ የእሱን ፈለግ ተከትሏል።

ቤይት ሳሁር በክርስትና ትውፊት እረኞች የክርስቶስን ልደት ብሥራት የሰሙባት ስፍራ ናት። ሥዕሉ በተሠራበት ጊዜ ግን በ2000 የተነሣው የፍልስጤማውያን አመፅ፣ ሁለተኛው ኢንቲፋዳ፣ ገና አልበረደም ነበር፤ እስራኤልም ከ2002 ጀምሮ የመለያያውን ግንብ እየገነባች ነበር። ድንጋይ የሚወረውር ወጣት በየዕለቱ ዜና ላይ የሚታይ ምስል ነበርና ባንክሲ የመረጠው ሕዝቡ አስቀድሞ የሚያውቀውን አቋም ነው። አበባን በጦር መሣሪያ ፊት ማቆምም የራሱ ታሪክ አለው፤ በ1967 የቬትናምን ጦርነት ለመቃወም ፔንታጎን ደጃፍ የወጡ ሰልፈኞች ለወታደሮች አበባ ሲያቀርቡ የተነሡት ፎቶግራፎች ዓለምን ዞረዋል። ባንክሲ ራሱም ይህን ሥዕል በሠራበት ሰሞን ከኢራቅ ጦርነት ጋር በተያያዘ ብዙ ሠርቷል። ሪባን የታሰረላቸው የጦር ሄሊኮፕተሮች፣ ቦምብ ያቀፈች ልጅ፣ አንዱ ዘብ ቆሞ ሌላው በቀይ ቀለም የሰላም ምልክት የሚሥል ሁለት ወታደሮች ይጠቀሳሉ።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚኖር ተመልካች ሥዕሉ ሌላ በርም ይከፍታል። በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ፣ በኢሬቻ ዕለት ሕዝቡ እርጥብ ሳርና አበባ ይዞ ይወጣል፤ ለምለም ነገር ይዞ እጅን ማንሣት ምስጋናም የሰላም ልመናም ነው። በባቱ የጽጌረዳ እርሻዎች ደግሞ አበባ ተቆርጦ፣ ታስሮ፣ ወደ አውሮፓ ገበያ የሚጫን የእንጀራ ጉዳይ ነው። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው እቅፉን እንደ ጌጥ ብቻ አያየውም።

የግድግዳው ሥዕል አይሸጥም፤ ገበያ የወጡት ቅጂዎቹ ናቸው። በ2003 ያልተፈረመባቸው 500 ኅትመቶች ወጡ። በ2005 ሥዕሉ «ዎል ኤንድ ፒስ» የተባለው የባንክሲ መጽሐፍ ሽፋን ሆነ። በ2006 በሸራ ላይ የተሠራው ቅጂ በግንቦት 2021 በኒው ዮርክ ሶዝቢስ በተባለው አጫራች ድርጅት ለጨረታ ሲቀርብ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር፤ የተሸጠው በ12.9 ሚሊዮን ነው። አጫራቹ ለሥዕሉ ቢትኮይን ወይም ኢተር በተባሉት ዲጂታል ገንዘቦች መክፈል እንደሚቻል አስቀድሞ አስታውቆ ስለነበር ሽያጩ ለዚያም ይጠቀሳል። ገዢው ፓርቲክል የተባለ ኩባንያ ሥዕሉን በ10,000 ዲጂታል ክፍልፋዮች ከፍሎ እያንዳንዱን በ1,500 ዶላር ለገበያ አቀረበ። የዋጋውን መጠን ለመረዳት ያህል፣ የአዲስ አበባ ተወላጇ የጁሊ ምሕረቱ ሥዕል በ2023 በዚያው ሶዝቢስ ያወጣው 10.7 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ይህም በወቅቱ በአፍሪካ ለተወለዱ ሠዓሊዎች ክብረ ወሰን ተብሎ ተመዝግቧል።

ባንክሲ በምስሉ ላይ ያለውን መብት ማስከበር ግን አልሆነለትም። ወኪል ድርጅቱ ፔስት ኮንትሮል ሥዕሉን በአውሮፓ ኅብረት የንግድ ምልክት አድርጎ በ2014 አስመዝግቦ ነበር። ምስሉን በሰላምታ ካርድ ላይ የሚያትም አንድ ኩባንያ ተከራክሮ በመስከረም 2020 ምዝገባው ተሰረዘ። የኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ምዝገባው በቅን ልቦና አልተደረገም አለ፤ የቅጂ መብት ይከበርልኝ ለማለት ደግሞ ሠዓሊው ማንነቱን መግለጥ ይኖርበታል። ማንነቱን መሸሸግ ከፖሊስ ያዳነውን ያህል እዚህ ላይ አስከፍሎታል።

ሽያጮቹን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት አይገባም። የ2021ዱ ጨረታ ገንዘብ ሥዕሉን በእጁ ለያዘው ሰው የሄደ ነው። ባንክሲ ራሱ ለበጎ አድራጎት ያቀረባቸው ሥራዎች ሌላ መንገድ ሄደዋል። በሐምሌ 2020 ሶዝቢስ ለንደን ላይ የተሸጠው «የሜዲትራኒያን ባሕር እይታ 2017» ሦስት አሮጌ የባሕር ሥዕሎች ላይ የስደተኞች የሕይወት አድን ጃኬቶች የተጨመሩበት ሥራ ነው፤ በዚያ ባሕር የሰጠሙት ወገኖቻችን ብዙ ናቸውና ይህ ሥራ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ያስገኘው 2.2 ሚሊዮን ፓውንድ በቤተ ልሔም ለሚገኝ ሆስፒታል ተሰጠ፤ ስትሮክ ለገጠማቸው ሕሙማን ክፍል መገንቢያና ለሕፃናት የተሐድሶ ሕክምና መሣሪያ መግዣ እንዲውል ነበር።