በጠገራ ብር ላይ የሚገኙ ስውር ምልክቶችና ለታሪክ ትምህርት ያላቸው ጠቀሜታ

የታሪክ ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ የሚወሰን አለመሆኑ የታወቀ ነው። በአያቶች ሣጥን ተቀምጦ የቆየ አንድ ጠገራ ብርም ራሱን የቻለ የታሪክ ማስረጃ ነው። ይሁን እንጂ ማስረጃነቱ በትክክል የሚታወቀው በላዩ የተጻፈውን ዓመት እንዳለ ከመቀበል ይልቅ ጥቃቅን ምልክቶቹ ሲመረመሩ ነው።

በብሩ አንደኛው ገጽ የኦስትሪያ ገዢ የነበረችው የማሪያ ቴሬዛ ምስል ይታያል። ራሷን የሸፈነው ሻሽ ባሏ በ1765 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ የለበሰችው የሐዘን ልብስ ነው። ከምስሉ ግርጌ ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት በጉንስቡርግ ይገኝ የነበረው የገንዘብ ማተሚያ ቤት ሹማምንት የስም መነሻዎች ናቸው። በሌላው ገጽ ባለ ሁለት ራስ ንስርና 1780 የሚል ዓመት ተቀርጿል። ንግሥቲቱ በዚሁ ዓመት ብትሞትም ነጋዴዎች ከለመዱት መልክ የተለየ ብር ስለማይቀበሉ ዓመቱ ሳይለወጥ መታተሙ ቀጠለ።

በኢትዮጵያ ገበያዎች ፊደሉን ማንበብ የማይችለው ሻጭ እንኳ ምልክቶቹን ለይቶ ያውቅ ነበር። በራስ ጌጧና በትከሻዋ ላይ ያሉት የዕንቍ ነጠብጣቦች ጎልተው ካልታዩ ብሩን አይቀበልም። ባንክ ባልነበረበት ዘመን የገንዘቡን ትክክለኛነት የሚያረጋግጠው ይህ ጥንቃቄ ነበር። አፄ ምኒልክ ዓመቱ 1887 ዓ.ም. ተብሎ የተቀረጸበትን የራሳቸውን ብር በፓሪስ ቢያሳትሙም ጠገራው በቀላሉ ከገበያ ያልወጣው ሕዝቡ በእነዚህ ምልክቶች ስለሚተማመን ነው።

በ1927 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ መንግሥት ማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዶ፣ ወረራው ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ብሩን በሮም ማሳተም ጀመረ። በዚያና በተከታዮቹ ዓመታት በፓሪስ፣ በለንደን፣ በብራስልስና በቦምቤይም ታትሟል። ሁሉም 1780 የሚለውን ዓመት ይዘዋል። የታተሙበት ቦታ የሚለየው በንስሩ የጅራት ላባ፣ በትከሻ ጌጡ ዕንቍዎችና በጠርዙ ጌጥ ጥቃቅን ልዩነቶች ነው። ስለዚህ ተማሪው ከመቶ ዓመታት በፊት የተሠራ መስሎት በእጁ የያዘው ብር፣ አገሩን ለመውረር ከተዘጋጀው ገንዘብ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከገንዘብ ታሪክ ያለፈ ነው። በሰነድ ላይ የተጻፈ ዓመት ሰነዱ የተሠራበት ዓመት ላይሆን ይችላል። ይህን የተረዳ ተማሪ ደብዳቤም ሆነ ዜና መዋዕል ሲያነብ ማን ጻፈው፣ መቼና ለምን ብሎ መጠየቅ ይለምዳል።

ዘዴው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ጠገራ ብር፣ አጉሊ መነጽርና ሚዛን ይበቃል፤ ክብደቱ 28 ግራም ያህል መሆኑን ተማሪዎቹ ራሳቸው ሊያረጋግጡ ይችላሉ። ብሩ በማይገኝበት ትምህርት ቤት የሁለቱ ገጾች ጎላ ያለ ፎቶግራፍ ሊተካው ይችላል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ዓመታትን በቃል ከማስጠናት ጎን ለጎን፣ ማስረጃን መርምሮ የማመዛዘን ልምምድ በታሪክ ትምህርት ውስጥ የተወሰነ ክፍለ ጊዜ እንዲያገኝ ቢያደርጉ ተገቢ ይሆናል።