የድረ ገጽ ማሰሻዎች የተፎካካሪ ኩባንያን አካውንት መቀበል ይገባቸዋል?

አዲስ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የገዛ ሰው ኢንተርኔት ለመጠቀም ሲነሣ አስቀድመው ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ አካውንቱን እንዲያስገባ የሚጠይቀው ነው። ብሮውዘር በመባል የሚታወቀው የድረ ገጽ ማሰሻ ይህን ሲጠይቅ ግን የትኛውንም አካውንት ይቀበላል ማለት አይደለም። መረጃን ለማመሳሰል ክሮም የጉግልን፣ ኤጅ የማይክሮሶፍትን፣ ሳፋሪ ደግሞ የአፕልን አካውንት ይሻሉ። ለዓመታት የይለፍ ቃሎቹን በጉግል አካውንት ሲያከማች የኖረ ሰው ወደ ኤጅ ለመዛወር ቢፈልግ፣ በዚያው አካውንት ገብቶ ካቆመበት መቀጠል አይችልም።

በቅድሚያ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ወደ ድረ ገጽ መግባት ነው። ጂሜይልን ወይም ፌስቡክን በየትኛውም ማሰሻ ከፍቶ መግባት ይቻላል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ሁለተኛው ወደ ማሰሻው ራሱ መግባት ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ የይለፍ ቃሎች፣ የተጎበኙ ገጾች ዝርዝር፣ ምልክት የተደረገባቸው ገጾች፣ አንዳንዴም የባንክ ካርድ ቁጥር ሳይቀር ወደ ኩባንያው ሰርቨር ተልከው ይቀመጣሉ። የጥያቄው ክብደት ያለው በዚህኛው ላይ ነው። እህሉ የገበሬው ሆኖ ጎተራውና ቁልፉ የሌላ ሰው እንደሚሆን ማለት ነው።

መምታታቱን የሚያብሰው ሌላም ነገር አለ። የማይክሮሶፍት አካውንት በጂሜይል አድራሻ መክፈት ይቻላል። በዚህ መንገድ አካውንት የከፈተ ሰው በኤጅ ላይ የጂሜይል አድራሻውን ሲጽፍ በጉግል አካውንቱ የገባ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን አድራሻው መጠሪያ ብቻ ነው፤ አካውንቱ ሌላ፣ የይለፍ ቃሉም ሌላ፣ መረጃው የሚቀመጥበትም ቦታ ሌላ ነው። የጂሜይሉን የይለፍ ቃል ደጋግሞ እየጻፈ «አልገባም አለኝ» የሚል ሰው ችግሩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ጉዳዩ በሰፊው መነጋገሪያ የሆነው እ.ኤ.አ በ2018 ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም ወር የወጣው 69ኛው የክሮም ስሪት፣ ተጠቃሚው ጂሜይሉን በከፈተ ጊዜ ማሰሻውንም በዚያው አካውንት እንዲገባ ያደርግ ጀመር። ጉግል መረጃ ማመሳሰሉ በራሱ እንደማይጀምርና የተጠቃሚውን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ቢያስረዳም፣ የመረጃ ደኅንነት ባለሙያዎች አሠራሩን ነቅፈዋል። ኩባንያውም በቀጣዩ 70ኛ ስሪት ይህን ማጥፋት የሚያስችል ምርጫ አካትቷል።

ከዚህ የባሰው የሆነው እ.ኤ.አ በ2021 ነው። የክሮም መሠረት የሆነው ክሮሚየም ለማንም ክፍት የሆነ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲሆን፣ ሌሎች አዘጋጆችም የራሳቸውን ማሰሻ ይሠሩበታል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ተጠቃሚዎቻቸው በጉግል አካውንት ገብተው መረጃቸውን እንዲያመሳስሉ ያደርጉ ነበር። ጉግል በጥር ወር ይህ አገልግሎት ለራሱ ምርቶች ብቻ የታሰበ መሆኑን አስታውቆ፣ ከመጋቢት 15 ቀን ጀምሮ ለሌሎች ዘጋው። በተለይ በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ ክሮሚየምን የሚጠቀሙ ሰዎች ማመሳሰሉ ተቋረጠባቸው። ያከማቹት መረጃ በጉግል አካውንታቸውና በኮምፒውተራቸው ላይ አለ፤ በመረጡት ማሰሻ በኩል ማመሳሰል ግን አልቻሉም።

ኩባንያዎቹ ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት መሠረት የለውም ሊባል አይችልም። ሰርቨር ማንቀሳቀስ ወጪ አለው፤ ወጪውን የሚሸፍነው ኩባንያ የተፎካካሪውን ደንበኞች መረጃ በነፃ ለምን ያስቀምጥ? የደኅንነቱ ጉዳይ ደግሞ ከወጪው ይከብዳል። የይለፍ ቃሎችን ሁሉ የሚከፍት በር ለማንኛውም ማሰሻ ክፍት ቢሆን፣ ማሰሻ መስሎ የሚቀርብ የሌባ ፕሮግራምም በዚያው በር ሊገባ ይችላል።

ሆኖም የተፎካካሪን ማሰሻ ማስተናገድ እንደሚቻል ኩባንያዎቹ ራሳቸው በተግባር አሳይተዋል። አፕል በአይክላውድ የተከማቹ የይለፍ ቃሎችን በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ በክሮምና በኤጅ መጠቀም የሚያስችል ተጨማሪ ፕሮግራም አዘጋጅቷል። የአይፎን ደንበኞቹ በሥራ ቦታቸው ዊንዶውስ ስለሚጠቀሙ ይህን ማድረጉ ለራሱም ይጠቅመዋል። ፋየርፎክስ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዷል። መረጃው ከስልኩ ወይም ከኮምፒውተሩ ከመውጣቱ በፊት በተጠቃሚው ቁልፍ ስለሚቆለፍ፣ የማሰሻው ባለቤት የሆነው ሞዚላ እንኳ ሊያነበው አይችልም። የሰርቨሩ ፕሮግራም ክፍት በመሆኑም ዕውቀቱና አቅሙ ያለው ተቋም መረጃውን በራሱ ሰርቨር ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። በእኔ እይታ ለደኅንነት ሥጋቱ የተሻለው መልስ ይህ ነው። ቁልፉ በተጠቃሚው እጅ ከሆነ፣ ሰርቨሩ የማንም ቢሆን የሚያስከትለው ጉዳት ይቀንሳል።

እርግጥ ነው፣ ክፍትነት ብቻውን አያዋጣም። ይኸው ሞዚላ እ.ኤ.አ በ2011 ፐርሶና የተባለ፣ ማንኛውም የኢሜይል አድራሻ ያለው ሰው በማሰሻው በኩል ወደ ድረ ገጾች የሚገባበትን ሥርዓት አስተዋውቆ ነበር። በቂ ድረ ገጾች ስላልተቀበሉት በ2016 ተዘግቷል።

በዚህም ምክንያት ጉዳዩ ወደ ሕግ ዞሯል። ግዙፍ ኩባንያዎች ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ግዴታዎቹን እንዲያከብሩ የተጠየቁበት የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ፣ ክሮምንና ሳፋሪን ከሚቆጣጠራቸው አገልግሎቶች መካከል አስገብቷል። ሕጉ ግዙፍ ኩባንያዎች ሌሎች የንግድ ድርጅቶች የእነርሱን የመለያ አገልግሎት እንዲጠቀሙ እንዳያስገድዱ ይከለክላል፤ ተጠቃሚውም መረጃውን ይዞ ወደ ሌላ አገልግሎት እንዲሄድ መንገድ እንዲከፍቱለት ያዝዛል። ያም ሆኖ ማሰሻዎች የተፎካካሪን አካውንት ይቀበሉ ብሎ በቀጥታ አላዘዘም። ኤጅም በየካቲት 2024 በተሰጠ ውሳኔ ከቁጥጥሩ ውጭ ሆኗል።

የይለፍ ቃልን ለመተካት የመጣው ፓስኪ የተባለው አሠራር ጥያቄውን ይበልጥ አጣዳፊ ያደርገዋል። የይለፍ ቃል ቢያንስ በወረቀት ላይ ሊጻፍ ይችላል። ፓስኪ ግን በጣት አሻራ ወይም በስልኩ መክፈቻ የሚሠራ፣ ሊጻፍም ሊነገርም የማይችል የዲጂታል ቁልፍ ነው። ይህን ቁልፍ ከአንድ ኩባንያ ወደ ሌላው ማዛወር የማይቻል ከሆነ ሰውየውም አብሮ ይታሰራል። ለዚህ ሲባል ፊዶ የተባለው የኩባንያዎች ጥምረት በጥቅምት 2024 ቁልፎችን በአስተማማኝ መንገድ ለማዛወር የሚያገለግል ረቂቅ ደረጃ አውጥቷል። የሁሉም ማሰሻዎች አንድ ዓይነት አካውንት መቀበል ቢዘገይ እንኳ፣ መዛወሩ በነፃና ያለ እንግልት እንዲሆን መጠየቅ ተገቢ ነው።

በአካባቢያችን ደግሞ ከኩባንያዎቹ ፉክክር የሚቀድም ችግር አለ። ስልክ ሻጩ ወይም ልጅ ለገዢው ጂሜይል ከፍቶ ይሰጣል፤ ባለስልኩ ግን የይለፍ ቃሉን አያውቀውም። ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ያከማቸው ሁሉ አብሮት ይቀራል። ስልኩ ሳይጠፋ በፊት አካውንቱን ከከፈተው ሰው የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ መቀየር፣ መልሶ ማግኛ ሆኖ የተመዘገበውም ስልክ ቁጥር የራስ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ያገለገለ ስልክ የሚሸጥ ሰውም ሁሉንም ከማጥፋቱ በፊት አካውንቱን ከስልኩ ያስወጣ። ይህ ካልሆነ ብዙዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ገዢውን የቀድሞውን ባለቤት አካውንት ስለሚጠይቁት ስልኩን ሊጠቀምበት አይችልም።

ማሰሻ ለመቀየር የሚፈልግ ሰው በክሮም ማስተካከያ ውስጥ የይለፍ ቃሎቹን በፋይል አውጥቶ በሌላ ማሰሻ ማስገባት ይችላል። ፋይሉ ቁልፍ የሌለውና ማንም ሊያነበው የሚችል ስለሆነ ሥራው እንዳለቀ መጥፋት አለበት፤ በቴሌግራም ወይም በሰው ፍላሽ መላክ የለበትም። በኢንተርኔት ቤት ለሥራ ቅጥር ወይም ለትምህርት የሚያመለክቱ ወጣቶች ደግሞ ጂሜይላቸውን ከመክፈታቸው በፊት በክሮም ላይ የእንግዳ መስኮት ቢከፍቱ ይመረጣል። መስኮቱ ሲዘጋ የተጎበኙት ገጾች ዝርዝር ከኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ያወረዱት ፋይል ግን እዚያው ስለሚቀር እርሱን ለብቻው ማጥፋት ይገባል።