የ1954ቱ በረኛ

በወሎ ደጋ የገና ጨዋታ በረኛ አያውቅም። ሁሉም ዱላውን ይዞ ሩሯን ወደ ተጋጣሚው ወሰን ይነዳል፤ ቆሞ መጠበቅ የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አይሰጥም። እግር ኳስ ግን አንዱን ከአሥሩ ለይቶ አቆመው፣ እጁንም ፈቀደለት። በጨርቅ ኳስ ያደገ ሰው፣ የወግዲ ልጅም ይሁን የአዲስ አበባ፣ ማን በር ላይ እንደሚቆም ያውቃል፦ ትንሹ ወይም መጫወት የማይችለው ነው። ይህ ንቀት ወደ ታሪካችንም ገብቷል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ኢትዮጵያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ጎሎቹን ማን እንዳገባ የሚነግርህ ሽማግሌ አታጣም፦ ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ። በሩ ላይ ማን ነበር ብለህ ብትጠይቀው ግን ትንሽ ያስባል። ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነበር።

የዚያን ቀን ፈተና ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያው ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ከውድድር ስለወጣች ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ እዚያም ግብፅ 4 ለ 0 ረታቻት። አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ ብቻውን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላም ካይሮ ላይ ውጤቱ ያው 4 ለ 0 ነበር። ግብፅ ደግሞ የትናንት ቡድን አልነበረችም፤ እ.ኤ.አ. በ1920 በአንትወርፕ ኦሎምፒክ ተጫውታለች። ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ እንኳ የተመሠረተው ከዚያ 15 ዓመት ቆይቶ፣ በ1928 ዓ.ም. ነው።

ጊላሚካኤልና ጓደኞቹ የገጠሙት እንዲህ ያለውን ባላንጣ ነው። አሠልጣኛቸው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 ቢያሸንፉም ሁለት ጎል ገብቶባቸዋል፤ በፍጻሜውም በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ በደዊ አስቆጠረባቸው። ግርማ በ74ኛው አቻ ሲያደርግ ስታዲየሙ ፈነዳ፤ ደስታው ሳይበርድ በ75ኛው በደዊ ደገመ። እንዲህ ዓይነት ጎል የብዙ ቡድን ወገብ ይሰብራል።

እኔ የጨዋታውን ልብ የማየው ከዚህ በኋላ ነው። ሉቺያኖ በ84ኛው አቻ አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ በ117ኛው ጨመሩ። ግብፅ ግን ከ75ኛው ደቂቃ ወዲህ አንድም አላገባችም። ሙሉ 45 ደቂቃ! ኢታሎ ካገባ በኋላ መንግሥቱ እስኪያረጋግጥ ድረስ ባሉት 16 ደቂቃዎች አንዲት ስህተት ድካሙን ሁሉ ወደ ዜሮ ትመልሰው ነበር። ከፊቱ የነበሩት ተከላካዮች ክፍሎም አርአያና አስመላሽ በርሄም የዚህ ድርሻ አላቸው። ያኔ በዓለም ዋንጫ እንኳ ተቀያሪ አይፈቀድም ነበር፤ የዛለ ተጫዋች ዛሬ እንደሚደረገው አይወጣም።

ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ነው፤ ፎቶውም እሱን ያሳያል። መንግሥቱም በሦስት ጎል ከበደዊ ጋር የውድድሩ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ፤ ይገባዋል። ነገር ግን የ1954ቱን ድል በጎል አግቢዎች ስም ብቻ መተረክ ግማሹን መተው ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን አላነሳችም፤ ስለዚህ የአፍሪካን ዋንጫ ያሸነፈው የብሔራዊ ቡድናችን በረኛ እስካሁን ጊላሚካኤል ተክለማርያም ብቻ ነው።