«ፎርማት ይደረግ» የሚባል ፍርድ

ዊንዶውስና ኡቡንቱ ጎን ለጎን የተጫኑበት ኮምፒውተር አንድ ቀን አልነሳም ሲል፣ በየከተማችን የሚሰጠው የመጀመሪያ ብይን «ፎርማት ይደረግ» ነው፡፡ እንደ ቆቦ ባለ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፡፡ አቤቱታ በሚተየብባቸው ማሽኖች ውስጥ የራያ ገበሬ የድንበር ክርክርና የውርስ ማመልከቻ ተቀምጧል፡፡ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቁጥር 323 የይግባኝ ማቅረቢያ ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ፋይሉ ጠፍቶ እንደገና እስኪጻፍ ቀኑ ቆሞ አይጠብቅም፡፡ እኔ የተማርኩት ሕግ ደግሞ ተከሳሽ ሳይሰማ አይፈረድበትም ይላል፡፡

አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ፋይሉ ሳይሆን መግቢያው ነው፡፡ ኮምፒውተሩ ሲበራ «ዊንዶውስ ወይስ ኡቡንቱ?» ብሎ የሚጠይቀው ግረብ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው፡፡ ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «የት ላይ ቆመ?» የሚለው ነው፡፡ የአምራቹ ዓርማ እንኳ ካልታየ ሊኑክስ የለበትም፤ ራሙን ነቅሎ ማጽዳት፣ በቆላው አቧራ የታፈነውን ፋን ማራገፍ ይቅደም፡፡

ምርጫው ሳይመጣ ዊንዶውስ በቀጥታ ከተነሳ፣ በአዲስ ማሽን ወደ ባዮስ ገብቶ ኡቡንቱን ከዊንዶውስ ማስቀደም ብዙ ጊዜ ይበቃል፡፡ በአሮጌ ማሽን ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ግረብን ስለሚደመስስ፣ ከፍላሽ ኡቡንቱን አስነስቶ ግረብን መልሶ መጫን ያስፈልጋል፡፡ ያው ፍላሽ «ትራይ ኡቡንቱ» በሚለው ምርጫ ሲከፈት ሰነዶቹን ወደ ሌላ ዲስክ ለመገልበጥም ያገለግላል፡፡ ማንኛውም ጥገና ከዚህ ቢጀምር እመርጣለሁ፡፡ ፋይሉ ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ይጎዳል፤ ወልድያ ወይም ደሴ ሲኬድ አዘጋጅቶ መመለስ ይሻላል፡፡

ዝመናም ጦስ አለው፡፡ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. (ኦገስት 2024) የወጣ የዊንዶውስ ዝመና፣ ሴኪዩር ቡት በበራባቸው ብዙ ማሽኖች ላይ ሊኑክስን እንዳይነሳ አድርጎ ነበር፡፡ መፍትሔው ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው ማጥፋትን ይጠይቅ ነበር፡፡ ነገር ግን ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ፣ የመክፈቻ ቁጥሩን ሳይዙ ይህን መነካካት በገዛ እጅ በር መቆለፍ ነው፡፡

ግረብ ታይቶ፣ ኡቡንቱ ተመርጦ፣ ከዚያ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረስ? ተጠርጣሪው የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ነው፤ በተለይ ኤንቪዲያ፡፡ በግረብ ምርጫ ላይ «ኢ» የምትለዋን የላቲን ፊደል ተጭኖ፣ ሊኑክስ በሚለው ቃል የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ «ኖ ሞድ ሴት» የሚሉትን ሦስት ቃላት በላቲን ፊደል አያይዞ መጻፍ፤ ከዚያ ኤፍ 10፡፡ ይህ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከተገባ በኋላ ትክክለኛው ድራይቨር ይጫናል፡፡

መብራት ድንገት ሄዶ ማሽኑ «ኢኒትራምኤፍኤስ» በሚል ጽሑፍ ላይ ከቆመ ደግሞ ሰነዶቹ በፍላሹ ከተገለበጡ በኋላ «ኤፍ ኤስ ሲ ኬ» በሚባለው ትዕዛዝ ዲስኩን ማስፈተሽ ነው፡፡ የዊንዶውሱ ክፍል ከኡቡንቱ ሆነው ሲጽፉበት እምቢ ካለም አይደናገጡ፤ ዊንዶውስ «ፋስት ስታርትአፕ» በሚለው ልማዱ ሳይዘጋ ተኝቷል፡፡ ሺፍትን ተጭኖ ሻት ዳውን ማድረግ ይዘጋዋል፡፡