ከአዳማ እስከ ሻላ፦ ለልጆች የሚነገሩ የዱር እንስሳትና የነፍሳት አስደናቂ እውነታዎች

አዳማ በአገራችን የኢንዱስትሪና የንግድ እንቅስቃሴ ጎልቶ ከሚታይባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ የፈጣን መንገዱ መድረሻ፣ የኢትዮ ጅቡቲ የባቡር መስመር መተላለፊያና እ.ኤ.አ በጥቅምት ወር 2018 የተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ መገኛ ናት። ስለ ከተማዋ ሲነሳ በአብዛኛው የሚወሳው ፋብሪካው፣ ሆቴሉና የጭነት ተሽከርካሪው ነው። ይሁንና ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ደጃፍ ተነስቶ በምሥራቅ ወደ አዋሽ፣ በደቡብ ወደ ሻላ የሚጓዝ ሰው ከአገሪቱ ቀዳሚ የዱር እንስሳትና የአእዋፍ መኖሪያዎች ወደ አንዱ እየገባ መሆኑን ልብ ሊል ይገባል።

ልጆች ስለ እንስሳት መጠየቅ ይወዳሉ። የወላጆች መልስ ግን ብዙ ጊዜ በመጽሐፍና በቴሌቪዥን በሚታዩ የሩቅ አገር እንስሳት ላይ ያተኩራል። ይህ ጽሑፍ በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ እንስሳትንና ነፍሳትን የሚመለከቱ፣ ለልጆች ሊነገሩ የሚችሉ እውነታዎችን አሰባስቦ ያቀርባል። እግረ መንገዱንም እነዚህ እውነታዎች ከመሥሪያ ቤት ውሳኔዎች ጋር ያላቸውን ግንኙነት ይጠቁማል።

የቆቃው ጉማሬ

እ.ኤ.አ በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ የፈጠረው ሰው ሠራሽ ሐይቅና የአዋሽ ወንዝ የጉማሬ መኖሪያ ናቸው። ጉማሬ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ቢውልም በትክክል መዋኘት አይችልም። የሚንቀሳቀሰው የውኃውን ወለል በእግሩ እየረገጠ ወይም እየገፋ ነው። ትንፋሹን ይዞ እስከ 5 ደቂቃ ያህል ከውኃ በታች ሊቆይ ይችላል። ከቆዳው የሚመነጨው ቀላ ያለ ፈሳሽ ደም ይመስላል፤ ነገር ግን ቆዳውን ከፀሐይ ቃጠሎና ከጀርሞች የሚከላከልለት ተፈጥሯዊ ቅባት ነው። በአካል ዐሣማ ቢመስልም ከዛሬዎቹ እንስሳት በዝምድና ይበልጥ የሚቀርቡት ዓሣ ነባሪዎች ናቸው።

ጉማሬ ሣር በሊታ ነው። ሲመሽ ከውኃው ወጥቶ እስከ 40 ኪሎ ግራም የሚደርስ ሣር ይግጣል። ሰው በእርሱና በውኃው መካከል ሲቆም ግን እጅግ አደገኛ ይሆናል። ስለዚህ በሐይቅና በወንዝ ዳርቻ የሚኖሩ ልጆች በምሽትና በማለዳ ወደ ውኃው እንዳይጠጉ መምከር ያስፈልጋል።

የአዋሹ ሳላ

ከአዳማ በስተምሥራቅ፣ በፈንታሌ ተራራ ግርጌ የተንጣለለው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ስፋቱ ከ750 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የፓርኩ መለያ የሆነው እንስሳ ሳላ ሲሆን ወንዱም ሴቷም ቀጥ ያሉ ረጃጅም ቀንዶች አሏቸው። ሳላ ውኃ ሳይጠጣ ለረጅም ጊዜ መቆየት ይችላል፤ የሚያስፈልገውን እርጥበት በአብዛኛው የሚያገኘው ከሚመገበው ቅጠልና ሣር ነው። በቀትር ሙቀት ላብ በማፍሰስ ውኃ ከማባከን ይልቅ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ እንዲወጣ ይፈቅዳል። በዚህ ጊዜ ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም በአፍንጫው አካባቢ በቀዘቀዘ ደም አጠገብ ስለሚያልፍ አንጎሉ ከቀሪው አካሉ ያነሰ ሙቀት ይኖረዋል።

ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና ፓርኩን አቋርጦ ያልፋል። ስለሆነም ሳላ በረሃውን የሚቋቋምበት ይህ ሁሉ ጥበብ በፍጥነት ከሚመጣ ተሽከርካሪ አያድነውም። በዚህ መንገድ የሚጓዝ የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ ፍጥነቱን ቢቀንስ ለልጆች ከሚነገር ከየትኛውም ምክር የበለጠ ያስተምራል።

የዝዋዩ አባ ኮዳ

በባቱ ከተማ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ዓሣ አስጋሪዎች በሚያራግፉበት ቦታ ጎብኚውን የሚቀበለው አባ ኮዳ ነው። ክንፎቹን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር ከግማሽ ሊበልጥ ይችላል። ራሱና አንገቱ መላጣ መሆኑ ብዙ ልጆችን ያስቃል። ነገር ግን ጥንብ የሚበላ ወፍ በመሆኑ ላባ የሌለው ራስ በቀላሉ ይጸዳለታል። እግሮቹ ነጭ የሚመስሉትም ኩሱን በራሱ እግር ላይ ስለሚጥል ነው፤ እርጥበቱ ሲተን ሰውነቱን ያቀዘቅዝለታል።

የሻላ ፔሊካንና የአብያታ ፍላሚንጎ

የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ከ887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋቱ 482 ያህሉ ውኃ ነው። ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤታሞች ቢሆኑም ጠባያቸው የተለያየ ነው። ሻላ ጥልቀቱ 266 ሜትር የሚደርስ ሲሆን ከአገሪቱ ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ ነው። አብያታ ግን በጣም ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው።

ነጭ ፔሊካኖች እንቁላል የሚጥሉት በሻላ ደሴት ላይ ነበር፤ ጅብና ቀበሮ አይደርስባቸውምና። ይሁን እንጂ ሻላ ለእነርሱ የሚበቃ ዓሣ የለውም። በመሆኑም ወላጆቹ ሞቃት አየር ወደ ላይ ሲነሳ ጠብቀው በእርሱ ላይ በመንሳፈፍ ኮረብታውን ተሻግረው ወደ አብያታ ይበሩ፣ በግማሽ ክብ ተሰልፈው ዓሣውን ወደ ጥልቀት አልባው ዳርቻ ይነዱ፣ ከ10 ሊትር በላይ ውኃ በሚይዘው የመንቁራቸው ከረጢት ጨልፈው ለጫጩቶቻቸው ይዘው ይመለሱ ነበር። አንዱ ሐይቅ መኝታ ቤት፣ ሌላው ማዕድ ቤት ነበር ማለት ይቻላል።

አብያታ የሚመገበው በዋናነት ከዝዋይ በሚመጣው የቡልቡላ ወንዝና ከላንጋኖ በሚወርደው የሆራቀሎ ወንዝ ነው። ከላይ ለመስኖ የሚጠለፈው ውኃ፣ ለሶዳ አሽ ምርት የሚሳበው የሐይቁ ውኃና ድርቅ ተደማምረው ሐይቁ እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ ከነበረው ስፋት ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ውኃው ሲቀንስ ጨዋማነቱ ጨመረ፤ ዓሣው ጠፋ፤ ፔሊካኖቹም በአብዛኛው ተበተኑ። በደሴቲቱ ላይ የደረሰባቸው አንዳች ነገር አልነበረም፤ የጠፋው ማዕዳቸው ነው።

በጨዋማው ውኃ የሚበቅለውን ጥቃቅን ዋቅላሚ የሚመገበው ፍላሚንጎ ግን ዛሬም በአብያታ ይታያል። ፍላሚንጎ ጫጩት ሲሆን ግራጫ ነው፤ ሐምራዊ መልኩን የሚያገኘው ከምግቡ ነው። ሲመገብም ራሱን ገልብጦ መንቁሩን በውኃው ውስጥ እንደ ወንፊት ይጠቀምበታል።

ትናንሾቹ ብርቱዎች

በስምጥ ሸለቆ መንገዶች ዳር የሚታየው ኩይሳ የምስጥ ቤት ነው። ምስጦቹ በኩይሳው ውስጥ እንጉዳይ እያለሙ ይመገባሉ፤ አየር የሚዘዋወርባቸውን መተላለፊያዎችም ያበጃሉ። ንግሥቲቱ በቀን በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እበት እያንከባለለች የምትወስደው ጥንዚዛ ደግሞ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት አቅጣጫዋን የምትጠብቀው በፍኖተ ሐሊብ ብርሃን እንደሆነ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2013 አረጋግጠዋል።

የበረሃ አንበጣ ብቻውን ሲኖር ዓይን አፋር ነው። ሲበዛና እርስ በርሱ ሲነካካ ግን ቀለሙም ጠባዩም ተለውጦ መንጋ ይሆናል። አንዱ አንበጣ በቀን የሚበላው የራሱን ክብደት ያህል፣ ይኸውም 2 ግራም ገደማ ነው። 40 ሚሊዮን አንበጣ ያለበት የአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ በአንድ ቀን 35 ሺህ ሰዎችን የሚመግብ ምግብ ያወድማል። እ.ኤ.አ በጥር 2020 ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን የአንበጣ መንጋ ገጥሞት ወደ አዲስ አበባ ለመዞር ተገድዷል።

ማሽላ አምራቾች የሚያማርሩበት ግሪሳ ወፍ ክብደቱ ከ30 ግራም አይበልጥም፤ በቀን የሚበላውም 10 ግራም ያህል እህል ነው። አንድ ሚሊዮን ግሪሳ ግን በቀን 100 ኩንታል እህል ይበላል። ይህ ስሌት ለልጆች ጥሩ የሂሳብ ጥያቄ፣ ለግብርና ባለሙያ ደግሞ የቅድመ ጥንቃቄ ማስታወሻ ነው።

በግንባታ ስፍራ የምትራባው ትንኝ

የምትናከሰው ሴቷ ትንኝ ብቻ ናት፤ ደም የምትፈልገውም እንቁላሏን ለማሳደግ ነው። በአገራችን የተለመደችው የወባ ትንኝ የምትራባው በአመዛኙ በገጠር በሚያቁር ውኃ ነው። እ.ኤ.አ በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ግን በከተማ በርሜል፣ በውኃ ታንከርና ለግንባታ በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች። እ.ኤ.አ በ2022 በድሬዳዋ ከተማ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋር ግንኙነት እንዳላትም በጥናት ተረጋግጧል። በዚህ ምክንያት ግንባታ የሚበዛባቸው የስምጥ ሸለቆ ከተሞች አስተዳደሮች፣ የጤና ጽሕፈት ቤቶችና የኢንዱስትሪ ፓርኮች ጉዳዩን የጤና ባለሙያ ብቻ ሥራ አድርገው ሊመለከቱት አይገባም። ታንከርን መክደን፣ በርሜልን በየሳምንቱ አፍስሶ ማጠብ እንቁላሉ ትንኝ ሳይሆን እንዲቋረጥ ያደርጋል። ይህን ሥራ ልጆችም በየቤታቸው ሊያግዙ ይችላሉ።

ከላይ ከቀረቡት እውነታዎች መገንዘብ እንደሚቻለው የአንድ እንስሳ ሕይወት ከመኖሪያው ርቆ በሚሰጥ ውሳኔ ሊወሰን ይችላል። የሻላን ፔሊካን ዕጣ የወሰነው በዝዋይና በቡልቡላ የተጠለፈው ውኃ ነው። የመስኖ፣ የፋብሪካ ወይም የመንገድ ፕሮጀክት ሰነድ ጠረጴዛው ላይ የሚደርስ የሥራ ኃላፊ ውኃው ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ ቢጠይቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከመባል ይድናል። ያን ጊዜ ልጆች ፔሊካኖቹ ወዴት ሄዱ ብለው ሲጠይቁ የሚሰጠው መልስም ከዛሬው የተሻለ ይሆናል።