የመጀመሪያው መስመር ቃል ኪዳን
የሼል ስክሪፕት ታሪክ ከ1971 እስከ 2024

ሰው ኮምፒዩተርን ከሚያዝባቸው መንገዶች መካከል ቀደም ብሎ ተገኝቶ እስከ ዛሬ የሚያገለግለው «ሼል» የተባለው ፕሮግራም ነው። ሼል በዩኒክስና ከዩኒክስ በተወለዱት ሥርዓቶች ላይ ተጠቃሚው የሚጽፈውን ትእዛዝ እየተቀበለ የሚያስፈጽም አስተርጓሚ ነው። ትእዛዞቹ ተሰብስበው በአንድ ፋይል ሲጻፉ ደግሞ «ስክሪፕት» ይባላሉ። የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ጽሑፉን የትኛው ሼል ሊያነበው እንደሚገባ ያመለክታል። ይህች አጭር መስመር ጸሐፊው ለማያውቀው ማሽን የሚሰጣት ቃል ኪዳን ናት። ቃል ኪዳኑ እንዴት እንደ ተመሠረተና እንዴት እንደ ተጓደለ ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያውን የዩኒክስ ሼል በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ የሠራው ኬን ቶምፕሰን ሲሆን፣ ጊዜውም 1971 ነበር። ያ ሼል ትእዛዝ ለማስፈጸም እንጂ ፕሮግራም ለመጻፍ እምብዛም አይመችም ነበር፤ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ ይደረግ» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ እንኳ የሚመረምረው ሼሉ ሳይሆን ሌላ ፕሮግራም ነበር። በ1979 ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር የወጣው የስቲቨን ቦርን ሼል ግን ቅድመ ሁኔታንና ድግግሞሽን በራሱ ሰዋስው ውስጥ አካቶ ሼልን የተሟላ የፕሮግራም ቋንቋ አደረገው። «ኤስ ኤች» የተባለውንም አጭር ስም ከቀዳሚው ወረሰ።

ይሁን እንጂ መንገዱ ወዲያው ተከፋፈለ። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ቢል ጆይ የሠራው ሲ ሼል ያለፉትን ትእዛዞች መልሶ ለመጥራት የሚያስችል በመሆኑ ቢወደድም፣ ሰዋስው ከቦርን ሼል ጋር የማይግባባ ነበር። በ1983 ይፋ የሆነው የዴቪድ ኮርን ሼል የቦርንን ሰዋስው ጠብቆ ብዙ አዳዲስ ባሕርያት ጨመረ። በ1989 ደግሞ ብራያን ፎክስ ለግኑ ፕሮጀክት «ባሽ» የተባለውን ሼል አቀረበ። እያንዳንዱ ጭማሪ ለተጠቃሚው ጠቃሚ ነበር፤ ነገር ግን በአንዱ ቤት የተጻፈው ስክሪፕት በጎረቤት ቤት እንደ ባዕድ መታየቱ አልቀረም።

ይህን ችግር ለማቃለል የተነሣው የሙያ ማኅበር ነበር። የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ኢንስቲትዩት «ፖዚክስ» በተባለው ስታንዳርድ ሥር የሼሉን ቋንቋ በ1992 ደነገገ። ድንጋጌው የቦርንን ሼል መሠረት አድርጎ ከኮርን ሼል ጥቂቶቹን ባሕርያት ተቀበለ፤ በአንድ ስም ብዙ እሴቶችን የሚይዘውን ድርድርና ድርብ ማዕዘናዊ ቅንፉን ግን ከውጭ ተወ። ከዚያ ወዲህ በአጥሩ ውስጥ የተጻፈው በማናቸውም ስታንዳርድ አክባሪ ሼል እንዲሠራ ታሰበ፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ደግሞ የየሼሉ ቅጥያ ሆነ።

ሊኑክስ ሲስፋፋ ባሽም አብሮት ተስፋፋ። በብዙዎቹ የሊኑክስ ሥርዓቶች «ኤስ ኤች» ተብሎ የሚጠራው ባሽ ራሱ ሆነ፤ በዚያም ስም ሲጠራ አብዛኞቹን የራሱን ቅጥያዎች መቀበሉን አላቆመም። ከዚህም የተነሣ ብዙ ባለሙያ በመጀመሪያው መስመር ኤስ ኤች ብሎ ቃል እየገባ፣ ከሥሩ የባሽን ቋንቋ ይጽፍ ነበር። ጉድለቱን የሚያጋልጥ አልተገኘም።

በጥቅምት ወር 2006 የወጣው ኡቡንቱ 6.10 ኤስ ኤችን ከባሽ ወደ «ዳሽ» አዛወረ። ዳሽ ከስታንዳርዱ እምብዛም የማያልፍ ትንሽና ፈጣን ሼል ሲሆን፣ የለውጡም ዓላማ ማሽኑ ሲነሣ የሚፈጀውን ጊዜ ማሳጠር ነበር። ደቢያንም በ2011 በወጣው እትሙ ይህንኑ ተከተለ። ያን ጊዜ ለዓመታት ያለ እንከን ሲሠሩ የቆዩ ስክሪፕቶች ተሰናከሉ።

የስሕተቱ ጠባይ ሊጤን ይገባዋል። ሁለት ቃላት እኩል መሆናቸውን ለመመርመር ስታንዳርዱ አንድ የእኩል ምልክት ሲያዝ፣ ባሽ ሁለት ምልክቶችንም ይቀበላል። ዳሽ ግን ሁለቱን ሲያይ የስሕተት መልእክት ጽፎ ምርመራውን «አልተሟላም» እንደ ተባለ ቆጥሮ ወደ ፊት ይቀጥላል። እንግዲህ «ሙከራ ከሆነ የፋይሎቹን ስም ብቻ አሳይ፤ ካልሆነ ፋይሎቹን ሰርዝ» የሚል ስክሪፕት በዚህ አኳኋን ቢጻፍ፣ ለሙከራ ብቻ የተነሣው ሰው ፋይሎቹን ያጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በአንዲት ምልክት የተገኘ ምቾት የብዙ ቀን ድካም ሊያስከትል ይችላል፤ የፈሰሰው ፋይል ደግሞ ሁልጊዜ አይለቀምም።

በመስከረም 2014 የተገለጠው «ሼልሾክ» የተባለው ጉድለት ሌላ ትምህርት ሰጠ። ባሽ ከስታንዳርዱ ውጭ ፈንክሽኖችን ወደ ሌላ ባሽ የሚያስተላልፍበት ዘዴ ነበረው፤ በዚህ ዘዴ ውስጥ ከ1989 ጀምሮ ተሸሽጎ የኖረው ስሕተት የውጭ ሰው ትእዛዙን በሰው ማሽን ላይ እንዲያስፈጽም በር ከፈተ። ኤስ ኤች ዳሽ በሆነባቸው ሥርዓቶች ላይ አደጋው ጠበብ ያለ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ቅጥያን ሁሉ ማውገዝ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በስማቸው መካከል ባዶ ቦታ ያለባቸውን ፋይሎች ሳያደበላልቁ ለመያዝ የባሽ ድርድር እጅግ ይረዳል፤ በስታንዳርዱ ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህንኑ ለማድረግ ብዙ ይደክማል። ድርድር የሚያስፈልገው ሰው በመጀመሪያው መስመር ባሽን በስሙ ቢጠራ ቃሉን ጠበቀ እንጂ አላፈረሰም። ሆኖም ስም መጥራት ብቻውን አይበቃም። ቃልን ከእሴት የሚያዛምደው ድርድር በ2009 ከባሽ 4 ጋር ሲመጣ፣ አፕል በፈቃድ ውሉ ለውጥ ምክንያት በማሽኖቹ ላይ የባሽን 3.2 እትም እንደያዘ ቀረ፤ በ2019ም መደበኛውን የተጠቃሚ ሼል ወደ ዚ ሼል ለወጠ።

አጥሩም ቢሆን ለዘለዓለም በቆመበት አይቆይም። ትእዛዞች በሰንሰለት ሲያያዙ ከመካከላቸው የአንዱን መክሸፍ የሚያሳውቀው «ፓይፕፌይል» የተባለው ምርጫ ለረጅም ዘመን ቅጥያ ሆኖ ከኖረ በኋላ በ2024ቱ የፖዚክስ እትም ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ከባለሙያው የሚጠበቀው ቅጥያን መፍራት ሳይሆን የገባውን ቃል ማወቅ ነው። ኤስ ኤች ብሎ የጻፈ በዳሽ ይፈትነው፤ ባሽ የሚያስፈልገው ባሽን ከነእትሙ ይጥራ። ስክሪፕቱን ከዓመታት በኋላ በሌላ ማሽን ላይ የሚያስነሣው የሥራ ባልደረባ፣ ከጸሐፊው ጋር ተገናኝቶ ለመጠየቅ ዕድል አያገኝ ይሆናል፤ የሚታመነው በዚያች በመጀመሪያዋ መስመር ብቻ ነው።